ቀሚሱን የማትቆነጥጠው ልጅ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሰው ግን አነባለሁ። አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ ያላሳጠርኩት የባለሥልጣን ሱሪ የለም፤ እሱስ ይቅር።

ፊት ለፊቴ ያለው ልብስ ቤት አንዲት ልጅ ተቀጥራለች። የጫማዋ ተረከዝ አልቋል፣ አንገቷ ላይ ሜትር አይጠፋም። ልብሱን ሱቁ ውስጥ ለቆመው ሰው አከል አሻንጉሊት አልብሳ ፎቶ ታነሳና ኢንተርኔት ላይ ትሸጣለች። ሌሎቹ ሻጮች ቀሚሱ ወገብ ላይ ልክክ እንዲል ከጀርባው በመቆንጠጫ ይይዙታል። እሷ መቆንጠጫውን ነቅላ፣ ወገቡን ለክታ ቁጥሩን ከፎቶው ሥር ትጽፋለች።

«ጆንያ አስመሰልሽብኝ እኮ!» ብላ ባለሱቋ ጮኸችባት።

«እትዬ፣ የሸጥነው ግማሹ እየተመለሰ ነው። ይኼን ወር በእኔ መንገድ ልሞክር፤ ካልሆነ ያባሩኝ።»

እኔም «ልጄ፣ ትንሽ ብትቆነጥጪው ምናለ? እንጀራሽ እኮ ነው» አልኳት።

«አባባ፣ እናቴ ለእህቴ ሠርግ በፎቶ አይታ የገዛችው ቀሚስ ሲመጣ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ሠርጉን በአሮጌ ልብሷ ጓዳ ተደብቃ ዋለች።»

ባለሱቋ የፈቀደችላት ወር ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ዛሬ አንድ ቀሚስ እንዳሳጥርላት አመጣች። ጨርሼ ስሰጣት እዚያው ፊቴ ዘርግታ ለካችው።

«አባባ፣ በግራ በኩል አንድ ጣት ይረዝማል።»

በዕድሜዬ አንድም ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ተቀብያት መተርተር ጀመርኩ።