ጎድጓዳ መደብ

ጾሙ ሲገባ እኔና ወንድሜ በጓሯችን ተጣላን። ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ ባለው ሰፈራችን ያልተሠራበት መሬት የቀረው እኛ ግቢ ብቻ ነው፤ ስምንት እርምጃ በአምስት። ወንድሜ ሚኒባስ ይነዳል። እዚያ ላይ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ብሎኬት አስመጥቶ በሩ አጠገብ ከምሯል። እኔ ደግሞ አትክልት አበቅልበታለሁ አልኩ። ትምህርት ካቆምኩ አራት ዓመቴ ነው። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ጻፍ ያለኝም የለም። በእጄ አንድ ነገር ጀምሬ እጨርስ እንደሆነ የማይበት ቦታ ያ ጓሮ ብቻ ነበር።

«ጎመኑም ቤት ይመታ ይሆን?» አለ ወንድሜ።

እናቴ ዳኘችን። «እስከ ፋሲካ ተወው። ካበቀለ ጓሮው ይቆያል» አለችው። ወደ እኔ ዞረች፦ «ካላበቀልክ ግን ወንድምህ ሲሠራ አንዲት ቃል አትናገርም።»

ያን ሰሞን የምፈራው ድርቅ ነበር። ቧንቧችን ውሃ የሚያመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ጀሪካን ደርድረን የምንጠብቅ ሰዎች ነን። በልግም እንደሆነ አይታመንም። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። መደቡን ወደ ታች ቆፍሮ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ማድረግ፣ አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ እንዳይባክን። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የቆመበት አሸዋ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን አላሰብኩበትም። አራት ጎድጓዳ መደቦች ቆፈርኩ፣ ጠርዛቸውን በጭቃ ለሰንኩ። የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ከሳሪስ አቦ ገበያ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አመጣሁ።

ከአጥራችን ጎን በጅምር የቀረ ፎቅ አለ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በፊት እዚያ ጤፍ ያርሱ ነበር። ስቆፍር ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ዋሉ።

«አንተ ልጅ፣ የምትቆፍረው መቃብር ነው መደብ?»

«መደብ ነው አባባ። ውሃ እንዲይዝልኝ ነው።»

«ይሄ ኮቲቻ ነው እኮ፣ ጥቁር አፈር። ውሃ መያዝ መች አቅቶት ያውቃል? መልቀቅ ነው የማይችለው።»

«ዝናቡ ይምጣና እናያለን» አልኳቸው። ሳቁና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ዝናቡ መጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎኝ በመስኮት አየሁት። በሁለተኛው ሳምንት ብርዱ ገባ። ፀሐይ ብቅ ሳትል ቀኑ ይመሻል፤ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ያድራል። መደቦቼ ኩሬ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት በጣሳ እቀዳለሁ፤ አራተኛውን ስጨርስ አንደኛው ሞልቶ ይጠብቀኛል። ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ቢጫ መሆን ጀመረ። አንዱን ግንድ ብነካው ሳልስበው ወጣ፤ ሥሩ ቡናማ ሆኖ፣ ተዘፍዝፎ እንደተረሳ ጨርቅ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ደብተሬን አልገለጥኩም። የቆርቆሮው ጩኸት ስንኝ ከአፌ ይነጥቀኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ከጉሊት ስትመለስ ነጠላዋ ሥር የጎመን ግንድ አየሁ። እንዳላየሁ ሆንኩ። ምሳ ላይ አቀረበችው።

«ከጓሮ ነው» አለችው ለወንድሜ።

ወንድሜ ጎረሰ። «ይጣፍጣል» አለኝ፣ ከልቡ ነው። በጾም፣ ለእኔ ብላ ዋሸች። እኔም አብሬ በላሁ።

በማግስቱ ወደ ዘበኛው ሄድኩ።

«አባባ፣ ምን ላድርግ?»

«ነግሬህ አልነበር?» አላሉኝም። «አፈሩን ወደ ላይ ቆልለው። በመሐል በመሐሉ ቦይ አውጣ። ግን ውሃው ከግቢ በየት ይወጣል?»

ሁለታችንም በመንገዱ በኩል ያለውን አጥር አየን። አባቴ በሕይወት ሳለ በድንጋይና በጭቃ ያቆመው ነው።

«እሱንስ አትንካው» አሉኝ። «ሥሩ ርሷል።»

እሺ አልኩ።

ስቅለት ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚያን ቀን እኛ ዘንድ መሬት አይቆፈርም። ወንድሜ ለፋሲካ የገዛውን በግ ከብሎኬቱ አጠገብ አስሮ፣ እናቴን ተከትሎ ሄደ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፋሲካ ሁለት ቀን ቀረው። ዶማ አነሳሁ።

ቦዩን እስከ አጥሩ አደረስኩና ከሥሩ አንድ ድንጋይ ነቀልኩ። ውሃው እየተንዶቀዶቀ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ከሳምንታት በኋላ የመደቦቹን ወለል አየሁ፤ ጥቂት ጎመን ገና ቆሟል። ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲፈጥን ብዬ ሁለተኛውን ድንጋይ ነቀልኩ። አጥሩ ወደ መንገዱ ዘመም አለ፤ ከዚያ ብዙም ሳይጮኽ ተዘረገፈ። በአምስት እርምጃው ወርድ ልክ ግቢያችን ክፍት ሆነ። ድንጋዮቹ መሐል ዶማዬን ይዤ ቆሜ፣ ከመንገዱ የሰው ድምፅ እሰማ እንደሆነ አዳመጥኩ። ዝናብ ብቻ።

እናቴ ስትመለስ ከስግደቱ ብዛት የቀሚሷ ጉልበት ጭቃ ነበር።

«ሰው ላይ አልወደቀም?»

«አልወደቀም።»

የአባቴን ድንጋዮች አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ከዚያ ከኋላዋ ለቆመው ወንድሜ «ከበዓሉ በኋላ ቤትህን ሥራ» አለችው። ወንድሜ ምንም አልቀለደብኝም። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት «ሳይረገጥ በፊት ያለውን ልቀመው» አለችኝ። ግማሽ ፌስታል አልሞላም። በማግስቱ ሥጋ ሊበላ፣ ቢጫ ጎመን ማን ይፈልጋል። «ለበጉ ስጠው» አለች፣ ሳትቆጣ። ሰጠሁት። ቀና ሳይል በላ፤ የበሰበሰውን ግንድ ብቻ ተወው።

ወንድሜ የመሠረቱን መስመር ሊለካ ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። አንዱን ጫፍ ቤቱ ጥግ ላይ ባለ ሚስማር አሰረና ሌላውን ዘረጋልኝ።

«እዚያ ማዶ ሄደህ ያዝልኝ። ወጠር አድርገው።»

መደቡ ውስጥ ገባሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። ሲባጎውን ወጠርኩ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለኝ።

እግሬን ነቅዬ ወደ ግራ ተጠጋሁ።