የተቋጠሩት ገመዶች

ማንበብ የተማርኩት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያለሰልስና «ጎሽ፣ መቼም ቢሆን አይረፍድም» ይለኛል። ይረፍዳል። ለእኔ ባይረፍድ ለሌላ ሰው ረፍዷል። እዚህ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጎን፣ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ምድጃ፣ ካውያ፣ ቴፕ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የመጣውን ሁሉ እፈታለሁ። ፊደል ባላውቅም ሽቦ አውቃለሁ። የተቃጠለውን በማሽተት፣ የላላውን በጣቴ አገኘዋለሁ። ደንበኛ ወረቀት ሲዘረጋልኝ «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» እል ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ረጅም፣ ጸጉሩ ሸበት ያለ ሰውዬ ትልቅ ቦርሳ ተሸክሞ መጣ። ከሱቄ በስተጀርባ ባለው አሮጌ አዳራሽ የጎራዴ ስፖርት የሚያሰለጥን ነው።

«ጎራዴ ትጠግናለህ?» አለኝ።

«ማንን ልትገድል ነው?»

«ማንንም። መብራቱ ነው እኔን የገደለኝ። አንዴ ይበራል፣ አንዴ እምቢ ይላል።»

ጎራዴ ይሉታል እንጂ ስለት የለውም። ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ በር ደወል የሚጫን ትንሽ ቁልፍ አለው። ጫፉ ተጋጣሚን ሲወጋ ቁልፉ ይጫናል። ኤሌክትሪኩ በዘንጉ ላይ በተለጠፈ ሽቦ ወደ መያዣው ይሄዳል፤ ከመያዣው በተጫዋቹ እጅጌ ውስጥ በሚያልፍ ገመድ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ዳኛው አጠገብ ወዳለው ሳጥን። ሳጥኑ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይበራል። ከበራ ነጥብ ነው። ካልበራ፣ የወጋኸው ልቡ ላይ ቢሆንም አልነካኸውም። ዳኛው የሚያምነው መብራቱን ነው።

አዳራሹ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ቁም ሣጥን አለ፤ ውስጡ አሥራ አንድ የእጅጌ ገመድ ተንጠልጥሏል። የቁም ሣጥኑ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አሰልጣኙ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «የገመዶቹ አያያዝ እዚህ አለልህ፣ አንብበው» ብሎኝ ወደ ልጆቹ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ፣

«አነበብከው?»

«አዎ፣ ግልጽ ነው» አልኩት።

ከአሥራ አንዱ አራቱ መሃላቸው ላይ ጥብቅ ተደርገው ተቋጥረዋል። የልጆች ብልግና መሰለኝ። የሰው አገር ሰው አዝኖ በእርዳታ የላከውን ዕቃ እንዲህ ያደርጉታል ብዬ ተናደድኩ። ቋጠሮዎቹን በጥፍሬ፣ ሲብስ በጥርሴ ፈታኋቸው።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። ስፒናዎቹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። የላሉትን የስፒና ጥርሶች በሰንጢ ከፈት አድርጌ ሶኬቱን እንዲይዙ አደረግኩ። ብሎኑን አጠበቅኩ። በመጨረሻ ገመዱን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በቴስተር ለካሁ። አሥራ አንዱም ጮኹ። ቴስተር ከጮኸ መስመሩ አልተቆረጠም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልቆጣ የሚገባኝ በራሴ ነው። ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው፣ አንዴ የሚይዝ አንዴ የሚለቅ ገመድ ተኝቶ እንደማይመረመር ያውቃል። የካውያ ገመድ እንኳ ሲመጣልኝ እያጠፍኩ፣ እየጎተትኩ፣ እያወዛወዝኩ ነበር የምለካው። ሽቦው ላስቲኩ ውስጥ ተበጥሶ ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል፤ ተኝቶ ደህና ነው፣ ሲሳብ ይለያያል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ቶሎ ጨርሼ ከዚያ ወረቀት ፊት ዞር ማለት ፈለግኩ። በቃ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ከልጆቹ መሃል አንዲት ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ነበረች። አባቷ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሻንጣ ይሸጣል፤ ቀን እሱ ጋ ትቆማለች፣ ከሥራ በኋላ አዳራሽ ትመጣለች። አባትየው ነገሩን አልወደደውም። «ሴት ልጅ ብረት ይዛ ስትዘል» ይል ነበር አሉ። በኋላ ግን ከአገር ውጭ ለሚደረግ ውድድር ምርጫ ሊካሄድ ነው ሲባል ተለሳለሰ። ከተመረጠች ትቀጥላለች፣ ካልተመረጠች ታቆማለች ብለው ተስማሙ። ትንሽ ቀይ ሻንጣም ከመደርደሪያው አውርዶ ለብቻ እንዳስቀመጠላት እሷ ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች። «ጋሼ፣ ደንበኛ ሲጠይቀው ተሽጧል ይላል!»

የምርጫው ቀን አሰልጣኙ የሚበላሽ ነገር ቢኖር ብሎ እኔንም ጠራኝ። አባትየው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የቀረው አንድ ቦታ ነበር። እሷና አንዲት ረጅም ልጅ ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ ሁለቴ ያሸነፈች ትሄዳለች።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ዘንጉ የረጅሟ ልጅ ትከሻ ላይ ሲጎብጥ አየሁ። መብራት የለም። ትንሽ ቆይቶ ሆዷ ላይ። አሁንም የለም። ልጅቷ ጭምብሏን አነሳች።

«ዳኛ፣ ነክቻታለሁ።»

ዳኛው የጎራዴዋን ጫፍ በአውራ ጣቱ ተጫነው። በራ። ወደ እኔ ዞረ። «ገመዶቹ ተፈትሸዋል?»

«በእጄ። አንድ በአንድ» አልኩ።

ተሸነፈች። ጎራዴም ገመድም ለወጠች፤ ገመዱን ከዚያው ቁም ሣጥን አነሳች። ሁለተኛውን ግጥሚያ እንደምንም አሸነፈች፤ እሱም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መብራቱ ከድቷታል። ስታጉረመርም አሰልጣኙ ተቆጣት።

«ሁለት ገመድ ባንድ ቀን አይበላሽም። ሰውየው ፈትሿቸዋል። ክንድሽ ነው! አጥብቀሽ አትወጊም፣ ለስለስ ታደርጊያለሽ።»

ከሦስተኛው በፊት ትንሽ እረፍት ነበር። የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«አንተ ባለሙያው፣ ቋጠሮዎቹን ማን ፈታቸው?»

«የምን ቋጠሮ?»

«የገመዶቹ ነዋ። የተበላሸውን እኮ ነው የሚቋጥሩት። በሩ ላይ ተጽፎልሃል! እኔ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት እንኳ አነበዋለሁ» ብላ ሳቀች።

«ልጆቹ ፈትተውት ይሆናል» አልኳት።

ሴትየዋ መወልወያዋን እየገፋች ሄደች። እኔ ልጅቷን አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ውሃ ትጠጣለች። ገመዱ ከጃኬቷ ስር ወጥቶ ይንጠለጠላል። ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ተጠማዝዞ የቀረ እጥፋት አለው። ቋጠሮ የኖረበት ቦታ። ያንን ቋጠሮ በጥርሴ የፈታሁት እኔ ነኝ።

ጊዜ ነበረኝ። «ገመዱ ቋጠሮ ነበረበት፣ እኔ ፈታሁት» ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ገመድ ይቀየራል፣ የመጀመሪያው ግጥሚያም ምናልባት ይደገማል። እሱን ማለት አልከበደኝም። የከበደኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «አንብቤዋለሁ አላልክም?» የሚለው። ዳኛው፣ አሰልጣኙ፣ ልጆቹ፣ ያቺ መወልወያ የያዘች ሴትዮ ሳትቀር ሲያዩኝ ታየኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሦስተኛው እኩል ለእኩል እስከ መጨረሻው ሄደ። የቀረው አንድ ነጥብ ነው። ልጅቷ ተወርውራ ገባች። ዘንጉ የተጋጣሚዋ ደረት ላይ እንደ ቀስት ጎበጠ። እኔ አየሁ፣ አባቷም አየ። ሳጥኑ ጨለማ ነው። ወዲያው ረጅሟ ልጅ መልሳ ወጋቻት፣ የሷ መብራት በራ። አለቀ።

አላለቀሰችም። ገመዱን ከእጅጌዋ ስባ አወጣች፣ በሥርዓት ጠቀለለችው፣ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ደህና ነው ብለዋል። ደህና ይሆናል።»

አባቷ ቦርሳዋን አነሳላት። «በቃ ልጄ፣ ሞከርሽ። እጅሽ ለዚህ አልተፈጠረም» ሲላት ሰማሁት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሊያጽናናት ነው።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ገመዱን ቴስተር ላይ አድርጌ ስፒናው አጠገብ አጠፍኩት። ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቅኩ። ውስጡ ሽቦው ተበጥሷል፤ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ሁለት ክሮች ብቻ ተነካክተው ቀርተዋል። አራቱንም እንደዚያው አገኘኋቸው። ቆርጬ፣ ገፍፌ፣ በየድኳቸው። አሰልጣኙ በማግስቱ «ተባረክ» አለኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

እሷ ወደ አዳራሹ አልተመለሰችም። እኔ በዚያው ዓመት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ጎልማሶች የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ተቀምጠን «ሀ» ስንል አስተማሪዋ በዕድሜ ከልጄ ታንሳለች። የዕውቀት ፍቅር ነው ብዬ አልዋሽም። ያን ወረቀት ማንበብ ፈልጌ ነው። ግን ፊደል ከቆጠርኩም በኋላ አዳራሹ ደጃፍ ደርሼ እመለስ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ካዛንቺስ ሲፈርስ ሱቄም አዳራሹም ሄዱ። እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ አሰልጣኙ ልጁ ጋ ክፍለ ሀገር ገባ። የአዳራሹ ዕቃ ሲወጣ ላግዝ ብዬ ሄጄ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ወረቀቱን አገኘሁት። ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ቆሜ አነበብኩት።

«የተበላሸ ገመድ መሃሉ ይቋጠራል። ሳይጠገን ቋጠሮው አይፈታም።»

ሁለት መስመር ነው። ያን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ የሚያክል መስሎኝ ነበር።

ወረቀቱን ከበሩ ልጬ በኪሴ ይዤ ሜክሲኮ ሄድኩ። የአባቷ ሱቅ ያው ነው፤ ሻንጣ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ወፈር ብላለች።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት? ሻንጣ ነው?»

ወረቀቱን ሰጠኋትና ነገርኳት። ቋጠሮውን፣ ቴስተሩን፣ መወልወያ የያዘችውን ሴትዮ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ክንዴ ነው ብዬ ነው የኖርኩት» አለች። «ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ ትራስ አስሬ ስወጋ ከረምኩ፤ በድብቅ፣ አባዬ ሳያየኝ። ክንዴ ይጠንክር ብዬ።»

«ማንበብ አልችልም ነበር» አልኳት።

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። ከሦስተኛው በፊት አውቀዋል። ለምን ዝም አሉ?»

«አለመማሬ እንዳይታወቅብኝ።»

አጠገቧ ያለውን የሻንጣ ዚፕ ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላለችም፤ እንድትልም አልጠበቅኩም። ከዚያ ፊቷን ወደ ሱቁ ውስጥ አዙራ ተጣራች።

«አባዬ! እስቲ ና።»

አባቷ ከሻንጣዎቹ መሃል ወጣ። አርጅቷል። «ምንድን ነው? ምን ጎደለባቸው?»

«ምንም አልጎደለባቸውም። ስለ እጄ የሚነግሩህ አላቸው።» ወደ እኔ ዞረች። «ይንገሩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ለእኔ እንደነገሩኝ።»

ሰውየው ዱካ ስቦ «ይቀመጡ እንጂ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ወረቀቱን ተቀበለ፣ ዓይኑ አጠገብ አምጥቶ አነበበው፣ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ቀና ብሎ አየኝ።

ቤት ረሳሁት እያልኩ ከምዋሽበት መነጽር ጀመርኩለት።