የአሥራ ሰባት ቁጥር ደብዳቤ

ጓደኛዬ ውድነሽ አርብ አርብ የቢሮዬን በር የምታንኳኳው ልትሰብረው እንደመጣች ነው። «ቀስ በይ፣ ፖሊስ መሰልሽኝ» እላታለሁ። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ ሳትመልስ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ትላለች። እዚህ ሀርጌሳ አርብ ሥራ የለም። እኔ ግን የእርዳታ ድርጅቱ ጸሐፊ ስለሆንኩ ቁልፉ በእጄ ነው፤ ኢንተርኔቱን እንድትጠቀም እከፍትላታለሁ።

አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር፣ ግማሹ በአዲስ ብሎኬት ተሠርቶ ግማሹ ገና ጣሪያ ባልወጣለት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ከድሬዳዋ ስትመጣ «ለአንድ ዓመት ነው» ብላ ነበር፤ ሰባት ሆናት። የአምስት ዓመት ልጇን ትዝታን ለእህቷ ትታ ነው የወጣችው። ልጅቷ አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል። እናቷ ስትደውል ወደ ስልኩ አትቀርብም። እህትየው ሁልጊዜ «ልብስ እያጠበች ነው» ትላለች። የምን የማያልቅ ልብስ ነው እያልኩ እኔ እናደዳለሁ፤ ውድነሽ ግን «እሺ፣ ሳሚልኝ» ብላ ትዘጋለች።

በሰባተኛው ዓመቷ በኢንተርኔት የሚገናኙ የመምህራን ማኅበር ውስጥ ገባች። መምህራኑ የሁለት አገር ክፍሎችን ያጣምራሉ፤ ልጆቹ ደብዳቤ እየተጻጻፉ አንዱ የሌላውን ኑሮ ይረዳል። ሌሎቹ ኖርዌይን፣ ጃፓንን ሲመርጡ ውድነሽ ድሬዳዋን ጠየቀች። ርዕሰ መምህሩ ዋርሳሜ «ድሬዳዋማ በመኪና ይደረሳል፤ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀባት። የመረጠችው የትዝታን ክፍል መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማኅበሩ የልጆች ስም እንዲጻፍ አይፈቅድም፤ በስም ፈንታ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ርዕስ «የሚናፍቀኝ ሰው» የሚል ነበር። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ መጣ። ውድነሽ አንድ በአንድ አነበበችና አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ቆመች። በእንግሊዝኛ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ የሚናፍቀኝ ሰው የለም። ለምጄዋለሁ።»

«እሷ ናት» አለች።

«በምን አወቅሽ? መምህሯን ጠይቂያ!»

«ሕጉ አይፈቅድም። ደግሞ ባትሆንስ?»

ደብዳቤዎቹን አትመን ለተማሪዎቿ አደለች። አሥራ ሰባት ቁጥር የሱመያ ድርሻ ነበር፤ ውድነሽ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ሸሸገችው። ራሷ ልትመልስለት ፈልጋ ስትጽፍ ስትሰርዝ ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ሱመያ «ቲቸር፣ የኔስ?» ብላ ፊቷ ቆመች። ይህች ልጅ የተወለደችው ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ አባቷ ውጭ አገር ከሄደ ቆይቷል። ውድነሽ አፈረችና ሰጠቻት።

ሱመያ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «እኔም አባቴ በስልክ ‹ናፈቅኩሽ?› ሲለኝ ‹አልናፈቅከኝም› እለዋለሁ። እንዲያመው ብዬ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ግን አለቅሳለሁ። አንቺስ? ቲቸራችን ደብዳቤሽን ለሰው አልሰጥም ብላ ሁለት ሳምንት ይዛው ዞረች።»

ውድነሽ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልታጠፋው ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አደረገች።

«ተይው» አልኳት። «የልጅ ደብዳቤ አይነካም።»

ላከችው። በሚቀጥለው አርብ ከድሬዳዋ ሠላሳ መልስ መጣ። አሥራ ሰባት ቁጥር የለም። በሌላውም አርብ የለም። ውድነሽ ኮምፒውተሩን ዘግታ «ባልጀምረው ይሻለኝ ነበር» አለች። አንጀቴን በላችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የተበተነውን ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ።

በሦስተኛው አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ውድነሽ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ሳለ የቢሮዬ ስልክ ጮኸ። ውድነሽ ቁጥሩን ለእህቷ ሰጥታ ነበር፤ ግን ደውለው አያውቁም። አነሳሁት።

«ውድነሽን ፈልጌ ነበር» አለ ቀጭን ድምፅ።

«ማን ልበል?»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ፣

«አሥራ ሰባት ቁጥር» አለች።

ስልኩን ለውድነሽ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ ነው የተናገረችው።

«ልብሱን አጥበሽ ጨረስሽ፣ ልጄ?»