የዓይነ ስውራኑ ማኅበር አንባቢ

ለአውራጃው የዓይነ ስውራን ማኅበር ደብዳቤ አንባቢ ሆኜ ስመደብ የራሴ ዓይን መድከም ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር። ይህን ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አምቦ በሚገኘው የአውራጃው ጽሕፈት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ጣቶቼ ፊደሎቹን በልምድ ስለሚያገኟቸው፣ የመታሁትን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ እያረምኩ፣ ጉዴን ደብቄ እውል ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የታየሁበት ሐኪም መነጽር እንደማይረዳኝ፣ ከመሃል የጀመረው ጭጋግም እየሰፋ እንደሚሄድ ነግሮኛል። ከታወቀብኝ ከወንበሬ እንደምነሳ እርግጠኛ ነበርኩ። ያቺን ወንበር ደግሞ እወዳት ነበር። ባለጉዳይ ሲገባ ቀና ብዬ «ምን ነበር ጉዳይዎ?» ማለት ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያ ያለ ሰው ነበርኩ።

አለቃዬ ጠርቶኝ «በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄድክ ደብዳቤያቸውን ታነብላቸዋለህ፤ ቃለ ጉባኤያቸውንም ትይዝላቸዋለህ» ሲለኝ ተናደድኩ። ፈራሁ ብል ይሻላል። የምሸሸው ነገር ቤት ድረስ ሂድ ተባልኩ። ኋላ ግን «በማያዩ ሰዎች መሃል የኔን ዓይን ማን ያጣራል?» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ የሞኝ ሐሳብ አስቤ አላውቅም።

ማኅበሩ ቢሮ የሚባል ነገር አልነበረውም። የሚሰበሰበው ሊቀመንበሩ ብሩሽና መጥረጊያ በሚሠሩበት አሮጌ የቀበሌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ አርባ ዓመት የዘለላቸው፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወስዶባቸው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ብሬል ተምረዋል። በዚያ ዘመን «ጓድ ሊቀመንበር» የሚባለው በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ስለነበረ፣ አባላቱ ጣጣ እንዳይመጣ ብለው «ኦቦ ሊቀመንበር» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም በዚህ ይስቁ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዘግይቼ ደረስኩና እንዳልረብሽ ብዬ በቀስታ ገብቼ አንድ ጥግ ተቀመጥኩ። ንግግሩ ቀጥ አለ። ኦቦ ሊቀመንበር በእጃቸው የያዙትን የጭራ ጥቅል አስቀመጡና «ኤኙ? ማን ነው የገባው?» አሉ። ስሜን ተናገርኩ። «ከየት?» ተናገርኩ። «የት ነው የተቀመጥከው?» ይህንንም ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሥርዓቱን ያስረዱኝ። ስብሰባ ሲጀመር ከበሩ በስተግራ ካለው ሰው አንስቶ ሁሉም በየተራው ስሙንና አገሩን ይናገራል። ለመውጣት የተነሳ ሰው መውጣቱን፣ የተመለሰም መመለሱን ይናገራል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንደተደበቀ ይቆጠራል። እኔ ለጨዋነት ብዬ ያደረግኩት ነገር በእነሱ ቤት ነውር ነበር።

በሦስት ወር ውስጥ ንቀቴ በኖ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር በጽሕፈት ቤታችን ከሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይልቅ ሥራ እንዴት እንደሚታቀድ የተማርኩት እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። አባላቱ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በሸነን ተበትነው የሚኖሩ ናቸው። ደብዳቤ ቢላክላቸው አንባቢ መለመን ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ መልእክት የሚላከው በቃል ነበር። አንዱ አባል አውቶቡስ ተራ ይሄድና ወደዚያ የሚሄድ ረዳት ወይም ነጋዴ ያገኛል፣ መልእክቱን ይነግረዋል፣ ሰውየው ደግሞ ቃል በቃል መልሶ እንዲልለት ያደርጋል። አንዲት ቃል ከሳተ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የጉደሩ ጨርቅ ነጋዴ ሦስት ጊዜ ስቶ አራተኛው ላይ ግንባሩን ሲጠርግ ቆሜ አይቻለሁ። መልእክቱ የደረሰውም ሰው እንዲሁ ደግሞ ያሰማል፣ መልሱንም በዚያው መንገድ ይልካል። ከአምቦ የወጣ ቃል ሸነን ሲደርስ ፊደል አይጎድለውም ነበር። የኛ ቢሮ ሰርኩላር ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር እንኳ ይጠፋ ነበር።

በዚያን ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ወቅት ነው። ሽማግሌ ሳይቀር ደብተር ይዞ ሲሄድ፣ መዝጋቢዎቹ ዓይነ ስውር ያለበትን ቤት «ጥቁር ሰሌዳ አያይም» ብለው ያልፉ ነበር። ማኅበሩ ይህን ጉዳይ ያዘ። ከየከተማው ተወካዮች መጥተው የአውራጃውን አስተዳዳሪ ፊት ለፊት እንዲያነጋግሩ፣ አንድ ክፍል እንዲፈቀድላቸው፣ ብሬሉን ደግሞ ኦቦ ሊቀመንበር ራሳቸው እንዲያስተምሩ ታቀደ። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ምን እንደሚል፣ አስተዳዳሪው ቢቆጣ ማን እንደሚመልስ ሁሉ ተለማመዱ። እኔ ባረቀቅኩት ማመልከቻ ላይ «እንዲረዱን በትሕትና እንለምናለን» የሚል ነበረበት። ኦቦ ሊቀመንበር አስቆሙኝ።

«ሌላው ሰው ለመመዝገብ ለምኗል?» አሉኝ።

«አልለመነም።»

«እንግዲያው ሰርዘው። እንድንመዘገብ እንጠይቃለን ብለህ ጻፍ።»

በዚያ ስብሰባ ላይ ከሸነን የመጣች ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ ይሆናል፣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፣ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ለምን መማር እንደምትፈልግ ለአስተዳዳሪው እንድትናገር ተመርጣ ስትለማመድ፣ እንዲህ አለች፦ «እስከ ዛሬ የተነበበልኝ ሁሉ ሌላ ሰው የመረጠልኝ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያነቡልኝ ይዘላሉ። ደብዳቤ ሲመጣ ክፉ ክፉውን ያስቀሩልኛል። ለኔ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን የቀረውን ነው የምፈልገው።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኔም እዘል ነበር። የደበዘዘ መስመር ሲያጋጥመኝ በግምት እሞላለሁ፣ ያልገባኝን ቃል በሌላ እተካለሁ። ማንም አላወቀብኝም ብዬ ነበር። ያን ቀን በጣም አፈርኩ፤ ነገር ግን አልተናዘዝኩም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአስተዳዳሪው መልስ መጣ። የመጣው የካርቦን ግልባጩ ነው፤ ያውም አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳይሆን አይቀርም፣ ሰማያዊው ቀለም እንደ ጢስ ሆኗል። ፈቃደኛ መሆኑን የሚገልጸውን ክፍል እንደምንም አነበብኩ። የቀጠሮው ቀን ላይ ስደርስ አንዲት ክብ ክብ ያለች ቁጥር ብቻ ታየችኝ። ሦስትም ትሆናለች፣ ስምንትም ትሆናለች። ወረቀቱን ፊቴ ላይ ለጠፍኩት። አሥር ሰዎች ይጠብቃሉ። «ነገ አጣርቼ ልምጣ» ማለት ይቻል ነበር፤ ዋናው ቅጂ እኔው ቢሮ ነው ያለው። ያን ያልኩ እንደሆነ ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

«ስምንት» አልኩ፣ ድምፄን ሞላ አድርጌ።

በማግስቱ መልእክቱ በየአቅጣጫው ሄደ። ወሩ በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ አምቦ። እንደ ልማዳቸው አንድም ቃል ሳይጎድል በአራቱም ከተማ ደረሰ።

በስምንተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ዱላቸውን ይዘው በጽሕፈት ቤታችን ግቢ ተሰበሰቡ። የሸነኗ ሴት ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን በእህል ጭነት መኪና ላይ ተጉዛ፣ ሁለት ቀን ፈጅቶባታል። ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች። ዘበኛው እያየን ራሱን ነቀነቀ። «ምነው ዛሬ?» አለ። «ጓድ አስተዳዳሪ እኮ ባለፈው፣ ወሩ በገባ በሦስት፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ጠበቋችሁ። ሳትመጡ ቀራችሁና በጣም ነው የተቆጡት። ዛሬ አይቀበሏችሁም።»

ቁጥሯ ሦስት እንደነበረች ገባኝ። ማንም ግን ወደኔ አልዞረም። ኦቦ ሊቀመንበር ጥቂት አሰቡና «ኮሪደሩ ላይ መቀመጥ ይከለከላል?» ብለው ዘበኛውን ጠየቁት። ዘበኛው ከበሩ ገለል አለ። ገብተው በግድግዳው ግራና ቀኝ ተደርድረው መሬት ተቀመጡ፣ ስብሰባውንም እዚያው ጀመሩ። ከበሩ በስተግራ ካለው ሰው አንስቶ ስማቸውን ይናገሩ ጀመር። ባለጉዳዩ ሁሉ ቆሞ ያያል። ታይፒስቶቹ መምታት አቁመዋል። የሸነኗ ሴት ተራዋ ሲደርስ የተለማመደችውን ንግግር አስተዳዳሪው በሌለበት ኮሪደር ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች።

እሷ ስትጨርስ ኦቦ ሊቀመንበር እጃቸውን አነሱ። «ስሙን ያልተናገረ ሰው አለ» አሉ። «በላይኛው በር በኩል፣ ቆዳ ጫማ ያደረገ። ከመጣ ቆይቷል። ኤኙ?»

አስተዳዳሪው ነበር። መቼ ወጥቶ በሩ ላይ እንደቆመ እኔ እንኳ አላየሁም። «እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁ ተቆጥቷል።

«እኔ የሚባል ሰው አናውቅም» አሉ ኦቦ ሊቀመንበር በትሕትና። «ሁላችንም ስማችንን ተናግረናል።»

አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሲታገል ተሰማኝ። አስተዳዳሪው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እንደ ተማሪ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ። የት እንደቆመም ተናገረ። ከዚያ በኋላ መቆጣቱ አልሆንልህ አለው። «ሦስት ነው ያልኳችሁ፣ ስምንት አይደለም» አለ። «ደብዳቤውን ማን ነው ያነበበላችሁ?»

ጉዴ ፈላ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ኦቦ ሊቀመንበር «ስህተቱ የኔ ነው» አሉ። «ሰዎቹን በስምንት ኑ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ስለ ጠበቁን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሸነን ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ አሉና ግን ዛሬ ያድምጡን።» አስተዳዳሪው አዳመጠ። ከምሳ በፊት ክፍሉን ፈቀደ። የተማሪዎቹ ዝርዝር በታይፕ ተመትቶ በማግስቱ እንዲቀርብለትም አዘዘ።

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ ኦቦ ሊቀመንበር ክንዴን ይዘው ይሄዱ ነበር። መሸከም አልቻልኩም። «ኦቦ፣ ለምን ስለኔ ዋሹ?» አልኳቸው።

«አልዋሸሁም» አሉ። «ስታነብ ድምፅህ ከተለወጠ ከርሟል። መጀመሪያ ስትመጣ ድምፅህ ክፍት ነበር። ወረቀቱ ወደ አፍህ ሲጠጋ ይታፈናል። በየወሩ እየተጠጋ መጣ። ባለፈው ጊዜማ ወረቀቱ ከንፈርህን ሲነካ ሰማሁት። ይህን እያወቅኩ ስምንት ስትለኝ ተቀበልኩህ። ታዲያ ስህተቱ የማን ነው?»

«ሌሎቹስ ያውቃሉ?»

«ሁሉም ያውቃሉ። ራስህ እስክትነግረን ነው የጠበቅነው። እንዲህ ያለው ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ደስ አይልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።»

መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሰው ያየኝ እንደሆነ ግድ አልሰጠኝም። ብዙ ወራት በሚያዩ ሰዎች መሃል ተደብቄ ከርሜ፣ የማያዩት ሁሉን አውቀው፣ ሳያሳፍሩኝ ጠብቀውኛል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ጨዋነት አላጋጠመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቹን ዝርዝር መታሁ። ከሊቀመንበሩ በቀር የመጡት ሁሉ ተመዝግበዋል፤ አሥራ ስምንት ስም ነው። የሸነኗን ሴት መጀመሪያ አደረግኳት። አሥራ ስምንተኛው ጋ ስደርስ እጄን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሳሁ። ባለቤቴ በዋዜማው ማታ ነገሩን ስነግራት «እንዳሻህ አድርግ፣ እኔ አለሁ» ብላኝ ነበር። መስመሩን ዝቅ አደረግኩና አሥራ ዘጠነኛ ብዬ የራሴን ስም ጨመርኩ።

አስተዳዳሪው ዝርዝሩን አንብቦ አስጠራኝ። «ያንተ ስም እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ። «በስህተት ገብቷል መሰለኝ።»

«በስህተት አይደለም፣ ጓድ አስተዳዳሪ» አልኩት። «የተሳሳትኩት ደብዳቤው ላይ ነው። ሦስቱን ስምንት ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ እየጠፋ ነው።»

ፊቱ ከሩቅ ድብዝዝ ያለ ነገር ነበር፤ ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ ለማየት አልሞከርኩም። ጆሮዬን ብቻ ጣልኩ። ወንበሩ ተንቋቋ፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ የማኅተሙ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ተነሳ። ከዚያ ማኅተሙ ከነስሜ ዝርዝሩ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።