ምሥራቅ ፊልጶስን የሚያውቅ ማን ነው?

ቡታጅራ በርበሬ ተራ ቆማችሁ "ምሥራቅ የምትባል ሴት የት ናት?" ብትሉ የሚመልስላችሁ አታገኙም። "የክርስቲያን እናትስ?" ካላችሁ ግን ተራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጣቱን ይቀስራል። ሦስት ጆንያ ዛላ በርበሬ ፊቷ ደርድራ፣ ገና ዋጋ ሳትጠይቁ ከእግር እስከ ራስ የምትመረምራችሁ ሴት ናት። ዕቃ ልትሸጥላችሁ ሳይሆን ልታስራችሁ የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

ጥርጣሬዋ ከሥራዋ የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት በርበሬ የሸጠ ሰው ዓለምን የሚያምንበት ምክንያት የለውም። ቀይ አፈር የተቀየጠበት ድቁስ፣ ሚዛን እንዲያነሣ ውሃ የተረጨ ዛላ፣ "የዘንድሮ ነው" ተብሎ የሚቸበቸብ የአምና ምርት፣ ሁሉንም አይታለች። ዛላውን አንሥታ ጆሮዋ ሥር ትነቀንቀዋለች፤ ፍሬው ካልተንሿሿ መልሳ ትወረውረዋለች። ሰውንም ጆሮው ሥር መነቅነቅ ቢቻል ኖሮ አንድም ሰው አታሳልፍም ነበር።

ከሁሉ የማታምነው ደግሞ ወረቀትን ነው። ስምሽን አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ካሰፈርሽ በዚያው ስም ለግብር ትጠሪያለሽ፣ ለመዋጮ ትጠሪያለሽ፣ ለስብሰባ ትጠሪያለሽ ባይ ናት፤ በዚህስ ማን ተሳስተሻል ይላታል? ስለዚህ ሃምሳ አራት ዓመት ከወረቀት ስትሸሽ ኖረች። ቤቱ በሟች ባሏ ስም ነው። እድሩም በሟች ባሏ ስም ነው። ስልኳ በልጇ በክርስቲያን ስም ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሚባለውን ያየችው በሰው እጅ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለች ሴት ታዲያ ምን ነክቷት ለመራጭነት ልትመዘገብ ተነሣች? የአገር ፍቅር እንዳትሉኝ፤ እልህ ነው።

ባለፈው ምርጫ ስም ለቃሚዎች ቤት ለቤት ዞረው ነበር። እሷ ገበያ ስለነበረች ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ባልቻ፣ በር ላይ ቆሞ የግቢውን ሰው ሁሉ ሲያስጽፍ እሷንም አስጻፈ። የድምፅ መስጫው ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰለፈች። ተራዋ ደርሶ ጠረጴዛው ጋ ስትቀርብ ሰውየው ባልቻ ያስጻፈላትን ስም አገኘ። ከስሟ ፊት ለፊት ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ ተደላድሎ ተቀምጧል።

"መርጠሻል" አላት።

"መቼ?"

"ጠዋት።"

"ጠዋትማ እዚሁ ሰልፍ ላይ ነበርኩ!"

አውራ ጣቷን ዘርግታ አሳየችው፤ ቀለም የሚባል አልነካውም። ሰውየው ጣቷን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ መዝገቡን አመነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው አውራ ጣት ታያለች። በተለይ የባልቻን። ባልቻ ለዓመት በዓል ቤቷ ሲመጣ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳይባባሉ ዓይኗ እጁ ላይ ነው። ሰውየው ምስኪን ይሁን ሌባ እስከ ዛሬ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ እሷ ግን ማረጋገጫ የሚባል ነገር አትፈልግም። የምትፈልገው አንድ ነው፤ ዘንድሮ በገዛ ስሟ ፊት የገዛ ጣቷ እንዲያርፍ።

መቼም ጠርጣሪ ሰው አይቸኩልም። ሌሎች ተመዝግበው ምን እንደሚደርስባቸው ስታይ ከርማ፣ በመጨረሻው የምዝገባ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለችው የቆርቆሮ አዳራሽ ሄደች። በሩ ላይ "ግልጽ፣ ፍትሐዊ፣ ተአማኒ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ "ተአማኒ" የምትለው ጫፍ ማስቲሹ ለቆ ትርገበገባለች። ውስጥ መዝጋቢዋ ሔራን ተቀምጣለች፤ ከሌሊት ወፍ ጋር የተመካከረች ይመስል ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት ናት። አግዳሚው ላይ ደግሞ የአንዱ ፓርቲ ታዛቢ መምህር ያረጋል አለ። መጠርጠር ሥራው ሆኖ ወንበር የተሰጠው ሰው ነው። የገባውንም የወጣውንም፣ ያነጠሰውንም ሳይቀር ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ምሥራቅ አየችውና የዘመድ ያህል ቀረባት።

"መታወቂያ ይዘዋል፣ እናቴ?" አለች ሔራን።

"የለኝም።"

"ፓስፖርት?"

"ልጄ፣ እኔ ሆሳዕና እንኳን ሄጄ አላውቅም።"

"እንግዲያው በምስክር ነው። የሚያውቁዎት ሦስት የሠፈር ነዋሪዎች ይምጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዘጋለን።"

"ሦስት ብቻ? ገበያው በሙሉ ያውቀኛል!" ብላ እየተንጎራደደች ወጣች።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስቱን ይዛ ተመለሰች። የንስሐ አባቷን ቄሱን፣ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ዱባለን፣ እና ባልቻን። ባልቻን ያመጣችው አምናው አይደለም፤ ከሩቅ ሆኖ የሆነ ነገር ከሚሠራ ዓይኔ ሥር ይሁን ብላ ነው።

ያረጋል ከአግዳሚው ተነሣ። "ለየብቻ ይጠየቁ" አለ። "አጠገብ ላጠገብ ከቆሙ አንዱ ከሌላው ይኮርጃል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ይሄን ለእኔ ተዉት።"

መጀመሪያ ቄሱ ገቡ። "ወለተ ኪሮስ" አሉ። "ጾም አትገድፍም። ምላሷን ግን እንጃ።"

"ሌላ ስም የላትም፣ አባ?"

"እግዚአብሔር በዚህ ነው የሚያውቃት፤ የእናንተ መዝገብ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል?"

ጋሽ ዱባለ ቀጠሉ። "የክርስቲያን እናት ናት።"

"ስሟን ነው የጠየቅኩዎት።"

"ነገርኩሽ እኮ፣ የክርስቲያን እናት!"

"ክርስቲያን ከመወለዱ በፊትስ ማን ነበር የምትባለው?"

"ከዚያ በፊት እድራችን ውስጥ አልነበረችማ።"

ባልቻ የመጨረሻው ነበር። "ዘርፈሽዋል ትባላለች" አለ ኮራ ብሎ። "ሙሽራ ሆና ስትገባ እናቴ ናት ያወጣችላት።" ይሄ በአገሩ ያለ ነው፤ ሙሽራ ስትመጣ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች፣ የድሮው ስሟ አባቷ ቤት ይቀራል።

ያረጋል እስክሪብቶውን እንደ ጦር አነሣ። "ሦስት ስም! አንዲት ሴት፣ ሦስት ስም! እንግዲህ በሦስቱም ካርድ ሊወጣ ነበር ማለት ነው?"

ሔራን ግንባሯን አሸት አሸት አድርጋ ወደ ሴትየዋ ዞረች። "እርስዎ ራስዎ ማን ነኝ ይላሉ?"

"ምሥራቅ። ምሥራቅ ፊልጶስ።"

"አራት!" አለ ያረጋል እየጻፈ።

ባልቻ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምን ያንገላታሻል? ዘርፈሽዋል በዪና ይለቅ፤ እነሱም ይስማማሉ፣ እኔም እፈርማለሁ። እናቴ ያወጣችው ስም ምን አጎደለብሽ?"

"በዚያ ስም ሌላ ሰው መርጦበታል።"

"ማን?"

"ያን ቀን ጣቱን የታጠበ።"

"እኔን ነው?"

"ስም ጠራሁ?"

ባልቻ እጁን ኪሱ ከተተ። መቼም በእንዲህ ያለ ነገር የተናደደም ያፈረም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ለእሷ ግን ሆነ።

ሔራን ትዕግሥቷ ሳያልቅ ውሳኔዋን ተናገረች። "እርስዎ የሠፈሩ ሰው እንደሆኑ ሦስቱም መስክረዋል፤ እሱ አልፏል። የጎደለው ስሙ ነው። ምሥራቅ ብሎ የሚያውቅዎት አንድ ሰው ያምጡ። ማንም ሳይነግረው ከራሱ አፍ የወጣ መሆን አለበት።"

ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ሆኗል። ምሥራቅ ብለው ያሳደጓት የአባቷ ቤት ሰዎች አታት አካባቢ ናቸው፤ እነሱም ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ አዲስ አበባ ገብቷል። ቢጠሩም ዛሬ አይደርሱም። ባሏ ነፍሱን ይማረውና "አንቺ" ከማለት አልፎ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ምሥራቅ ብሎ የጠራት ማን ነው? ብዙ አሰበች። አንድ ዳኛ ነበር፤ እሱም ሞቷል። ሌላዋ ከሳሿ ናት።

ባሂራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ምሥራቅ ደንበኛ በተሰበሰበበት "የባሂራን በርበሬ ለወጥ አትግዙት፣ ለቤት መምረጊያ ግዙት" አለች። ከእሷ አራት እርምጃ ርቃ የምትሸጠው ባሂራ ደግሞ ዝም ብላ የምትውጥ ሴት አይደለችም፤ በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት። ዳኛው ሙሉ ስም እስከ አያት አስጠርቶ፣ አስምሎ፣ ስድቡ ተረጋግጧል ብሎ በተግሣጽ አሰናበታት። ምሥራቅ ግን ያንን ፍርድ አንድም ቀን አምና አታውቅም። "ምስክሮቹ የተገዙ ናቸው" ትላለች፤ ሲብስባት ደግሞ "እኔ አልተፈረደብኝም፣ ሌላ ሴት ናት" ትላለች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ ለሰላምታ እንኳን አፍ አልከፈቱም።

ተነሣችና ሄደች። የባሂራ መደብ ፊት ስትቆም ተራው ሁሉ ሥራውን ትቶ ዞረ።

"ባሂራ።"

ባሂራ ቀና አላለችም። አጠገቧ ላለችው ገበያተኛ "ሰው ጠራኝ እንዴ?" አለች።

"ስሜን ታውቂዋለሽ?"

"የቱን?"

"የፍርድ ቤቱን።"

"ምሥራቅ ፊልጶስ አርጋው!" አለች ባሂራ፣ አሁን ቀና ብላ። "ወላሂ ከልጆቼ ስም በላይ ነው የማውቀው። ሰባት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሸራዬን ስዘረጋ የምረግመው እሱን አይደል?"

"ነይና መስክሪልኝ።"

ባሂራ ሚዛኗን ገፋ አደረገች። ከዚያ እጇን ጠረገች፤ ከሣጥኗ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች፤ ሂጃቧን አስተካከለች፤ "እንሂድ" አለች።

ይህ ለምሥራቅ ከሁሉ የባሰ ሆነ። እንዲህ በቀላሉ? "አላውቃትም ልትል ነው" አለች በልቧ። "እዚያ ሰው ሁሉ ፊት አቁማኝ አላውቃትም ልትል ነው።" መንገዱን ሁሉ ከኋላዋ ሆና የባሂራን እጅ እያየች ሄደች።

"አሰላሙ አለይኩም" ብላ ባሂራ ገባች።

"ይህችን ሴት ያውቋታል?" አለች ሔራን።

"እንዴት አላውቃትም! ጠላቴ ናት። ምሥራቅ ፊልጶስ አርጋው።" ወረቀቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የፍርዱ ግልባጭ ነው፤ ከነማኅተሙ።

ያረጋል ጠዋት ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወረቀቱን አነበበ፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣ ገልብጦ አየው። "ዛሬ የመጣው ምስክር ሁሉ የአክስት ልጅ ነበር" አለ። "የማምናት ይህችን ብቻ ነው። ተቃውሞ የለኝም።"

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ከተማ፣ በሙሽርነት የተቀበላት ቤተሰብ፣ ባሏን የቀበረላት እድር፣ ያቆረባት ቤተ ክርስቲያን አንድ ላይ ሆነው ማንነቷን ማስረዳት አቃታቸው። መንግሥት ግን ሊፈርድባት ሲፈልግ እስከ አያቷ ድረስ አሳምሮ አውቋት ኖሯል።

ሔራን ቅጹን ሳበች። "አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ወረቀቱ ላይ 'ተከሳሽ ምሥራቅ ፊልጶስ አርጋው፣ የግል ተበዳይዋን መስደቧ ስለተረጋገጠ' ይላል። ይህች ተከሳሽ እርስዎ ነዎት? በቃልዎ ይናገሩና ልመዝግበው።"

ምሥራቅ ባሂራን አየቻት። ባሂራ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ለምን በቀላሉ እንደመጣች አሁን ገባት።

"ጮክ ብላ ትናገር" አለች ባሂራ፤ "ጆሮዬ ደከም ይላል።" በርበሬ ተራ ውስጥ ከእሷ የሚቀድም ጆሮ የለም።

በሩ ላይ ሰው ተጠራቀመ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ባልቻ ከጥግ ሆኖ "አሁንም ዘርፈሽዋል ማለት ትችያለሽ" አለ። እውነቱን ነው፤ ዘርፈሽዋል ተከሳ አታውቅም። ዘርፈሽዋል ማንንም አልሰደበችም። ንጹሕ ስም ነው፤ ብቻ የሰው ጣት አለበት።

"ነኝ" አለች ምሥራቅ።

"ምን?" አለች ባሂራ።

"ነኝ! የሰደብኩሽ እኔ ነኝ፤ የተፈረደብኝም እኔው ነኝ፤ ሌላ ሴት አይደለችም!" ትንፋሿን ሰበሰበች። "አፈሩ ግን ነበረበት።"

"ሰማችሁ? መንግሥት ፊት ደገመችው! ይጻፍልኝ!"

"ለአፈር የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም" አለች ሔራን ሳትስቅ። ያረጋል ግን ጻፈው።

ምሥራቅ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ መዝገቡ ላይ ተጫነች፤ እንዳይለቅ የፈራች ይመስል ቆየችበት። ካርዱን ስትቀበል ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ፊደል በፊደል አነበበች። ስሕተት ፈለገች። የለም። እንደገና ፈለገች።

ባሂራ ወረቀቷን ጠቅልላ በሩ ላይ ጠብቃታለች። "ነገ ጠዋት ክስ እመሠርታለሁ" አለች። "ድጋሚ ስድብ፣ ያውም ይህ ሁሉ ምስክር ባለበት!"

"ክሰሺኝ" አለች ምሥራቅ፣ ካርዷን ጡቷ ሥር እየሸጎጠች። "ስሜን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።"