ጥላ የማትወደው ቀይ ቅጠል

አባቴ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ እኔ ዘርፌም ቁጣውን ከሌላ ከማንም አላመጣሁትም።

በ2006 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ፣ እሳቸው ባሠሯት አንዲት ክፍል ውስጥ ጌም ቤት ከፈትኩ። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። የሚከነክነኝ አባባ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለው አለማየታቸው ነበር።

ሰው የሚሻማው በአንድ ጨዋታ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ እየዘለለች ከድንጋይ ድንጋይ ትሻገራለች፤ መንገዱ ላይ የበቀሉት ተክሎች ደግሞ ነፍስ አላቸው። ያንቀላፋሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ሲላቸው ይናከሳሉ። ከሁሉ የከፋችው አራተኛው ደረጃ ላይ፣ ገደል አፍ የተኛችው ቀይ ቅጠል ናት። የከተማው ጎረምሳ በሙሉ እዚያ ደርሶ ተበልቷል። እኔም ወር ሙሉ ተበልቻለሁ!

ጎረቤቴ ዋለ፣ ምላሱን ይቁረጠውና፣ ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ «ልጅዎ ሰው የሚበላ ቅጠል ታሳያለች፤ ጥንቆላ ነው» አላቸው። በማግስቱ አባባ ፊታቸው ጠቁሮ ከች አሉ።

«ዛሬውኑ ትዘጊያታለሽ። ክፍሏ የኔ ናት።»

«ኧረ አባባ፣ መጀመሪያ ይዩት እንጂ!» አልኩ። መተዳደሪያዬ እኮ ናት።

የባጃጅ ሹፌሩ ይስማው እየተጫወተ ነበር። ሴትዮዋን፣ የጨዋታው ፀሐይ ከኋላዋ እያበራ፣ ወደ ቀይዋ አስጠጋት፤ ግምጥ! ደገመ፤ ግምጥ! አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያያሉ። ሦስተኛ ላይ አላስቻላቸውም።

«ኧረ ተው! ጥላዋን እኮ ጣለችባት! ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ወደ ቅጠል የሚሄድ ማነው? መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚጠጋ። ማን አሳደገህ፣ አንተ?»

ይስማው ሳቀ፤ ግን ሞከረው። ሴትዮዋን በላይኛው ድንጋይ አዙሮ ከወዲያ በኩል አመጣት። ጥላዋ ወደ ኋላዋ ወደቀ። ቀይዋ እንደተኛች ቀረች፤ ሴትዮዋ አለፈች! ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አባባም «እሰይ!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ወዲያው አፈሩና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ስንወጣ ዋለ ደጃፉ ላይ ተገትሯል።

«ዘጓት፣ የኔታ?»

«አልዘጋኋትም» አሉ። «እኔን አርባ ዓመት ሙሉ ቅጠል በጣሽ፣ ጠንቋይ ስትሉኝ ኖራችኋል። ስትታመሙ ግን ቅጠሌን ጠጥታችሁ ነው የዳናችሁ። አሁን ደግሞ ልጄን? እሷን ተዋት፣ ዋለ።»

ያቺ ቅጠል በጣሽ የምትለው ስድብ በቤታችን ተነስታ አታውቅም። እናቴ እንኳ እስክታርፍ ድረስ አንድ ቀን አላነሳቻትም። አባባ በገዛ አፋቸው፣ በአደባባይ፣ ስለ እኔ ብለው አወጧት።