የዲፈረንሻሉ ማንሻና የማርያም ዳገት

እኔ ስፈራ እቆጣለሁ። ይህን ጠባዬን ሚስቴ ታውቀዋለች፤ ጎንደር ጋራዥ ያለው ወዳጄም ያውቀዋል። በዚያ ክረምት ግን ሁለቱንም አሰለቸኋቸው፤ ከሰኔ ጀምሮ የያዘኝ ቁጣ አልለቅ ስላለኝ ነው።

የምፈራው አንድ ዳገት ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ሚስቴ አገር የሚገባ ጥርጊያ መንገድ አለ። ከመንደሯ ወደ ጎንደር ሲመለሱ መጀመሪያ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከቅጥሩ አለፍ እንዳሉ ሳይጠማዘዝ ሽቅብ የሚወጣ የዋልካ ዳገት ይጀምራል፤ አናቱ ላይ መንገዱ ይታጠፍና ወደ ገደሉ ያዘነብላል። በበጋ ሲጋራዬን እያጨስሁ እወጣዋለሁ። በክረምት ግን ዋልካው ጎማ ይውጣል።

ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያው ልጃችን ጎንደር ቤታችን ውስጥ ምጡ ጠንቶባት ሞቶ ተወለደ። የሆስፒታሉ ሐኪም፣ «ሁለተኛ ምጥ ሲጀምራት ቶሎ ወደዚህ አምጣት፤ በራሷ አትገላገልም» ብሎ አስጠንቅቆኛል። እሷ ደግሞ፣ «ቀኔ እስኪደርስ ከእናቴ ቤት እቆያለሁ» አለች። እናቷ አልጋ ላይ የዋሉ ሴት ናቸው፤ ወደ ከተማ መምጣት አይችሉም። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍሁ። ሚስቴ ሁሉንም ሰምታ ሲያበቃ ዕቃዋን ሸክፋ ጂፔ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

እሷን አድርሼ ስመለስ ዳገቱ ላይ ተያዝሁ። የመንደሩ ሰው ከነበሬው ወጥቶ ጎተተኝ። እየተጎተትሁ የማስበው፣ ኋላ ወንበር ላይ የምታምጥ ሴት ብትኖር ኖሮ እያልሁ ነበር። በማግስቱ ጋራዥ ሄድሁ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዲፈረንሻል የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል ብረት ነው። በደረቅ መንገድ ጥሩ አካፋይ ነው። ጭቃ ሲያገኝ ግን ለሚያለቅሰው ልጅ ብቻ እንደሚሰጥ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ጎማ ከተንሸራተተ ጉልበቱን ሁሉ ለእሱ ይሰጥና መሬት የቆነጠጠው ጎማ ዝም ብሎ ይቆማል። መድኃኒቱ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚቆልፍ መሣሪያ ማስገባት ነው።

ወዳጄ ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ሥራ የለመደ የጎንደር ሰው ነው። ሁለት ዓይነት መቆለፊያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አንደኛው ከአሥመራ የመጣ፣ በራሱ ጊዜ የሚቆልፍና በራሱ ጊዜ የሚለቅ። ሁለተኛው ራሱ የሠራው፣ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ በሚተከል ማንሻ በእጅ የሚቆለፍ ነው። ከሳንጃ ሰሊጥ ለሚጭን ሰው እንዲህ ያለ ሠርቶለት ሰውየው መርቆታል።

«በራሱ የሚቆልፈውን ስጠኝ» አልሁት ሳይጨርስ።

«ቆይ እንጂ። ይኸ እኮ መቼ እንደሚቆልፍ አንተን አያማክርም። ጭቃ የለበሰው መታጠፊያ ላይ ቤንዚን ስትሰጠው በድንገት ይቆልፍና የጂፗን ቂጥ ወደ ገደሉ ሊወረውርብህ ይችላል።»

«እንግዲያው በማንሻ የሚሠራውን።»

«እሱንም ጎማው እየተሽከረከረ ከቆለፍኸው ጥርሱ ይረግፋል። ዳገቱ ሥር ቆመህ ትቆልፋለህ፤ አናቱ ላይ ሳትታጠፍ ቆመህ ትፈታለህ። አንተ ደግሞ ትረሳለህ። ባለፈው የራዲያተር ክዳንህን እዚህ ትተህ አልሄድህም?»

ተቆጥቼ ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስሁ፤ ደግሞ ተቆጥቼ ወጣሁ። በአንደኛው ገደል ይታየኛል፣ በሁለተኛው የሚረሳው የራሴ ጭንቅላት። እንጀራ አልወርድልህ አለኝ። ቀን በቀን የሚዘንበው ዝናብ ሁሉ የሚዘንበው እዚያ ዳገት ላይ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ወዳጄ ምርር ብሎት፣ «ለመሆኑ ዳገቱ ሥር ትቆማለህ ወይስ ሮጠህ ትገባለህ?» አለኝ።

«አማቴ ሳልቆም መች ያሳልፉኛል?» አልሁት። የሚስቴ አባት የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንደ አገሩ። የኔታ በበቅሎ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ፊት ሳይወርዱና ሳይሳለሙ አያልፉም። ማኪና ከበቅሎ በምን ይበልጣል ብለው ጂፗንም ያስቆሙኛል። ይወርዳሉ፣ ይሳለማሉ፣ ጸሎታቸውን ይደግማሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ። ፍጥነቴን ሁሉ እዚያ ጥዬ ጭቃው ውስጥ ከቆመ እግር እገባለሁ። ስንት ጊዜ በሆዴ አማርሬአቸዋለሁ።

ወዳጄ ሳቀ። «እንግዲያማ አስታዋሽ አለህ። የኔታ ሲወርዱ ትቆልፋለህ።»

ጭንቀቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ። ማንሻው ተተከለ። ሐምሌ ሙሉ የኔታን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ እያመላለስሁ ለመድሁት፤ እሳቸው እግራቸውን ሲያወርዱ እጄ ማንሻውን ይስባል፣ ሳላስበው። ዳገቱን ምንም ሳንሆን እንወጣለን። የኔታ ማንሻውን አይተው፣ «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አላሉኝም። የብረት ነገር ግድ አይላቸውም ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ጂፗን ይዤ አማቶቼ ቤት ከተምሁ። ዝናቡ ሲጥል ባደረበት አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሚስቴን ምጥ ጀመራት። የኔታ ከኋላ አብረዋት ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጨብጣለች። «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ ድምፅዋ የእሷ አልመስልህ አለኝ። የመጀመሪያውም ጊዜ እንዲህ ነበር የጀመራት።

የማርያም ቅጥር ብቅ ሲል እግሬ ፍሬኑ ላይ ወጣ።

«አትቁም!» አሉኝ የኔታ። «ንዳ።»

በመስተዋቱ አየኋቸው። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልዞሩም። በዕድሜያቸው ቆመው ያልተሳለሙበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። እኔማ ደስ አለኝ፤ ቤንዚኑን ረግጬ በሙሉ ፍጥነት ዳገቱ ውስጥ ገባሁ።

እኩሌታው ላይ ጂፗን ጭቃው ያዛት። ጎማው ጭቃ እየረጨ ይጮኻል፣ እኛ ካለንበት ንቅንቅ የለም። የኔታ ዘለው ወረዱ። ሊገፉ ነው ስል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«ይቅር በይኝ እመቤቴ፤ ያለፍሁሽ እኔ ነኝ፤ በልጄ አትያዥብኝ» ይላሉ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ማንሻው ላይ ወደቀ። እንደተኛ ነው። አልቆለፍሁትም፤ እሳቸው ስላልወረዱ እጄ አልተነሣም። ጎማውን አቁሜ ማንሻውን ሳብሁ፣ አልገባም አለ። ጥርስ ከጥርስ እንዲገጥም ጂፗ ትንሽ መነቃነቅ አለባት።

«የኔታ!» ብዬ ጮኽሁ። «ስግደቱ ይቆይና ይግፉ!»

«ምነው፣ አባቴ ላይ ትጮሃለህ?» አለች ሚስቴ በምጧ መካከል።

የኔታ ተነሡ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ ወድቋል። ትከሻቸውን ከኋላ አስጠግተው አንዴ ገፉ፤ ጂፗ ጥቂት ተወዛወዘች፤ ማንሻው ቀጭ ብሎ ገባ። ሁለቱም ጎማ አንድ ላይ መሬቱን ያዘ። እሳቸውን እዚያው ትቼ ወጣሁ፤ መቆም አልችልም ነበር።

አናቱ ላይ ቆሜ ማንሻውን ፈታሁ። ዞር ስል የኔታ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ዳገቱን እየሮጡ ይመጣሉ። ልጃቸውን ያን ያህል የሚወዷት አይመስለኝም ነበር። ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። «ሳልቆልፍ ገባሁ።»

«የእኔ ነው እንጂ፤ ሳልወርድ አለፍሁ።»

«በኋላ ትጣላላችሁ» አለች ሚስቴ። «አሁን ንዳ።»

ነዳሁ። ሐኪሙ ቀዶ ሴት ልጅ አወጣ። ስታለቅስ በበሩ በኩል ሰማኋትና ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እናቲቱም ተረፈች።

ጥቅምት ላይ ልጅቷን አልጋ ላይ ለዋሉት አያቷ አሳይተን ስንመለስ የኔታ ሊሸኙን አብረውን ተሳፈሩ። ሕፃኗ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። የማርያም ቅጥር ፊት እንደ ድሮው ቆምሁላቸው። እሳቸው ግን አልወረዱም። ወደ እጄ ያያሉ።

«ቆለፍኸው?»

«የኔታ፣ መንገዱ ደርቋል። ዛሬ አያስፈልግም።»

«ቆልፈው። ከዚያ እወርዳለሁ።»

ዳገቱን አየሁት፤ ዋልካው ተሰነጣጥቆ አቧራ ይዟል። ልጅቷንም አየኋት። ክርክሩን ተውሁና ቆለፍሁት።